ዘጠኝ ክብና አንድ ካቦ

ሰው ወረቀት ከፊታችሁ ዘርግቶ «ይኼ ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቃችሁ እንደሆነ «አላውቅም» ማለትን ልመዱ። አጭር ቃል ናት። ምላስ ላይ አትከብድም፤ እንደኔ ጥርሱ የተመናመነ ሰው እንኳ አጥርቶ ይላታል። እኔ ያችን ቃል በሰዓቷ ሳልላት ቀርቼ ያገኘኝን ነው የማጫውታችሁ። የቸኮላችሁ ካላችሁ ሂዱ፣ አልቀየምም። እኔ መቸኮል ትቻለሁ። በዕድሜዬ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቸኩል ነው ግቢዬ እንዲህ የሆነው።

ቤታችን ደብረ ታቦር፣ ከገበያው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ነው። አምስት ቤት በተርታ ነን። ከፊታችን ሰፊ ሜዳ አለ። ድሮ በገበያ ቀን የእብናትና የአንበሳሜ ነጋዴ አህያውን የሚያስረው እዚያ ነበር። ቀን ቆጥረን አናውቅም፤ አህያ ሲያናፋ «ለካ ዛሬ ገበያ ነው» እንላለን።

ሚስቴ አንጓች የገሳይ አገር ልጅ ናት። ለኔ በተዳረች ጊዜ እናቷ ከጓሯቸው ዘጠኝ የጌሾ ችግኝ ነቅለው፣ ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አስይዘው ላኳት። ሌላም ነገር ሰጥተውን ነበር፤ ሁለት በግና አንድ ቁርበት። በጎቹን በላናቸው። ቁርበቱ አረጀ። ጌሾው ግን ከድንጋይ ካቡ ሥር በተርታ ቆመና ክረምት ከበጋ እያብለጨለጨ ኖረ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አንጓች ጌሾውን ስትለቅም አያታለሁ። ቅጠል እንደሚቆርጥ ሰው አይደለችም፤ የልጅ ፀጉር እንደሚያበጥር ሰው ናት። በሰፈራችን ማኅበር ቢሆን፣ ሠርግ ቢሆን፣ ተዝካር ቢሆን፣ የአንጓች ጌሾ ሳይገባበት የሚጠመቅ ጠላ አልነበረም። ለጠየቃት ሁሉ በእፍኝ ትሰጣለች። «የእናቴ ነው፣ አይሸጥም» ትላለች።

እንግዲህ ይኼን ያዙልኝ።

ዓመቱን አልይዘውም። ደርግ ከመጣ፣ መሠረተ ትምህርትም ካለፈ በኋላ፣ ስብሰባ ከዝናብ በበዛበት ዘመን ነው። ቀበሌ ተጠርተን ስንሄድ ሜዳው መናፈሻ ይሆናል ተባልን። መናፈሻ ምንድን ነው ስንል፣ ሰፊው ሕዝብ ወጥቶ አየር የሚቀበልበት ቦታ ነው ተባለ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ መሪጌታ ይኄይስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«እስከ ዛሬ በምን ስንተነፍስ ኖርን?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ጋቢ ገልቦ አንጀት የሚፈትሽበት አገር ነው። ነፋስ እንሸሻለን እንጂ ነፋስ ፍለጋ ወጥተን አናውቅም። ግን ማን ይናገራል? አጨበጨብን።

ሊቀመንበራችን ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሹመቱ ከመጣ ወዲህም ሰው ሲያዩ ዓይናቸው ወገብ ይለካል። እሳቸው ተነሡና፣ «ከመናፈሻው ፊት ለፊት ያላችሁ አምስት ቤቶች ደግሞ ግቢያችሁ በፕላን ይሠራል» አሉ። «ሰው ከመናፈሻው ተቀምጦ ወደ እናንተ ሲያይ ልቡ ደስ እንዲለው። ለአብዮት በዓል የበላይ አካል መጥቶ ይጎበኛል።»

«ተቀምጦ እኛን የሚያየው ሥራ የሌለው ሰው ነው?» አሉ መሪጌታ፣ አሁንም ወደ ጆሮዬ። የሳቸው ጎረቤት መሆን ጣጣ ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ የሚስቀው እኔ፣ የሚገላመጠው እኔ።

ከሳምንት በኋላ ከጎንደር አንዲት ልጅ ተላከች። ሱሪ የለበሰች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ መነጽር ያደረገች። ግቢ የሚያሳምር ትምህርት ተምራ የመጣች ናት አሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት መኖሩን ያን ቀን ሰማሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ግቢያችንን ስትለካ ዋለች። የሜትሮውን ጫፍ የያዝኩላት እኔ ነኝ። «አባባ፣ ጠበቅ ያድርጉት» ትላለች፤ ጠበቅ አደርጋለሁ። «አባባ፣ ይልቀቁት» ትላለች፤ እለቃለሁ። በሁለተኛው ቀን ቤት ስገባ ለአንጓች፣ «ፕላን ስናወጣ ዋልን» አልኳት። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ነው ያልኳት።

አንጓች ግን ያን ሁለት ቀን ከልጅቱ ሥር አልጠፋችም። ልጅቱ ከየጌሾው አጠገብ እየቆመች ትጠይቃታለች፤ አንጓች ታጫውታታለች።

«ይችኛዋ ቀድማ ሥር የያዘች ናት። ይችኛዋ ሰነፍ ናት፣ ቅጠሏ ግን ይመራል። ያች ከጥጉ ያለችው ደግሞ በረዶ መትቷት፣ ሞተች ስንል የዳነች ናት።»

«እማማ፣ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«የኔን ትዳር ያህላል።»

ልጅቱ ቅጠሉን በጣቷ ትዳብሳለች፣ ታሸታለች፣ ትጽፋለች። እኔ የሴት ወሬ ነው ብዬ የሜትሮዬን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ወሬውን ትቼ ጫፍ መያዜ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጅቱ «ፕላኑን ሠርቼ እልካለሁ፣ ለሥራው ደግሞ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ወረቀቱ መጣ፣ እሷ አልመጣችም። ለሌላ ሥራ ወዲያ ወደ ቆላው አገር ልከዋት ነው አሉ። ሚያዝያ አልቋል፣ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ በዓሉም ከክረምቱ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ አምስታችንን ጠርተው ወረቀቱን ከጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የነጠላ ግማሽ ያህላል። አንዴ ወደ ራሳቸው አዞሩት፣ አንዴ ወደ እኛ አዞሩት፣ አንዴ ደግሞ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዙት። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ በየት በኩል እንደሚቆረጥ ያውቁት ነበር። ከጥጉ የተጻፈ ነገር አለው፤ ግን በፈረንጅ ፊደል ነው።

«መሪጌታ፣ እስቲ እርስዎ ይዩት» አሉ ሊቀመንበሩ።

መሪጌታ አጎንብሰው አዩት። ብዙ አዩት። ቅኔ የተቀኙ፣ ስንት የብራና መጽሐፍ ያነበቡ ሰው ናቸው። ቀና አሉና፣

«ዘመኔን ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ ኖሬያለሁ። ይኼን ግን አላውቀውም» አሉ።

አሳዘኑኝ። በውነት አሳዘኑኝ። ይኼን ያህል ተምሮ «አላውቅም» ማለት፣ በሰው ፊት።

«ከትምህርት ቤቱ አንድ አስተማሪ ይጠራና ያንብብልን» ብለውም ነበር መሪጌታ። እሱን ቢሰሟቸው ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም። እንዳይሰሟቸው ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። በልጅነቴ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ላይ ስደርስ ከብቱ ጠባቂ አጣና ተመለስኩ። ሸምግዬ መሠረተ ትምህርት ገባሁ፤ ምስክር ወረቀቴ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት በእርከን ሥራ ላይ ካቦ ነበርኩ። በጋራው ላይ ሰው አሰልፌ፣ ዘይትና ስንዴ እየተሰፈረልን፣ ለችግኝ ጉድጓድ አስቆፍር ነበር። ጉድጓድ እንዴት እንደሚለካ ታውቃላችሁ? ካስማ ትተክላላችሁ። ካስማው ላይ ገመድ ታስራላችሁ። ገመዱን ወጥራችሁ ዙሪያውን መሬቱን ትጭራላችሁ። ካስማውን ስትነቅሉት ከመሬት ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? ክብ፣ ከመሃሉ ነጥብ ያለው።

ወረቀቱን አየሁት። በኔ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ክብ አለ፤ ከየመሃሉ ነጥብ። ስምንት ዓመት መሬት ላይ ሳየው የኖርኩት ነገር ወረቀት ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ። ዘመድ ያገኘሁ ያህል ልቤ ዘለለ።

«ጉድጓድ ነው» አልኩ። «ነጥቡ ችግኙ ነው።»

ሁሉም ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ።

«ይኼስ?» አሉ ሊቀመንበሩ። ከበሩ እስከ ቤቱ ጀርባ የሚሄድ፣ እየተቆራረጠ የተሰመረ መስመር ነው።

እሱ ደግሞ የባሰ ቀላል ሆነብኝ። ቦይ ስናወጣ ካስማ በተርታ እየተከልን ነው። ከሩቅ ስታዩት የተቆራረጠ መስመር ነው። «ቦይ» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ሸክም እንዳራገፈ ሰው ተቀመጡ። «ጓድ ካቦ እንዳሉት ይሠራ» አሉ። ጓድ ካቦ። ጓድ ያለኝም ሰው አልነበረም፣ ካቦነቴንም ዘመን አልፎበት ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ስሰማ፣ ምን ልበላችሁ፣ ቤቴ ድረስ የሄድኩት በእግሬ አይመስለኝም።

ግቢ ገብቼ ወረቀቱን ከመሬቱ ጋር አመሳከርኩት። በእርምጃ ለካሁ። የመጀመሪያው ክብ የሚያርፈው ጌሾ ላይ ነው። ሁለተኛውም ጌሾ ላይ ነው። ሦስተኛውም። ዘጠኙም እየዞሩ ሄደው ዘጠኙ ጌሾ ላይ ቁጭ። እንዲህ ያለ ምቀኛ ወረቀት አይቼ አላውቅም። ይኼን የሚያህል ባዶ ቦታ እያለ አንዱ ክብ እንኳ ስቶ ባዶ መሬት ላይ አይወድቅም? «መቼም መንግሥት ጠላ መጥላቱ ነው» አልኩ በልቤ። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ዘጠኝ ጊዜ ሌላ ነገር ማሰብ እችል ነበር።

አንጓች ከደጃፉ ቆማ ታየኛለች።

«ምን ይላል?» አለች።

«ጌሾው ካለበት ጉድጓድ ታዟል።»

«ከየቱ ጌሾ?»

«ከሁሉም።»

ወደ ጌሾው ዞረች። ከዚያ፣ «ልጅቱ እኮ ጌሾዬን ወዳው ነው የሄደች። በእጇ ስትዳብሰው አላየህም? እንዴት ንቀሉት ትላለች?»

«መውደድ ሌላ፣ ፕላን ሌላ።»

ወረቀቱን ተቀብላኝ አየችው። አንጓች ፊደል አልቆጠረችም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ታማ ነበር። ግን ወረቀቱን አየችው፣ ጌሾውን አየችው፣ ወረቀቱን አየችው።

«አንተ፣ ክቡ ራሱ ጌሾው ቢሆንስ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ይኼን ሳቅ ዛሬ መልሼ ብውጠው እወዳለሁ። «አንጓችዬ፣ ጌሾ መቼ ክብ ሆኖ ያውቃል? ግንድ አለው፣ ቅርንጫፍ አለው፣ ወደ ላይ ነው የሚቆመው። ጌሾን ክብ አድርጎ የሚያየው ከሰማይ ያለ አሞራ ብቻ ነው። ፕላን የሚያወጣ አሞራ ደግሞ የለም።»

አየችኝ። አንጓች በደህናው ጊዜ አንተ ትለኛለች። ስትቆጣ ግን አንቱ ትለኛለች፤ ከመንገድ የመጣ እንግዳ እንደሆንኩ ያህል።

«እንደፈቀዱ» አለችኝ። «ቅጠሉን ልልቀምበትና ይቆፍሩ።»

ሁለት ቀን ለቀመች። በሦስተኛው ቀን እኔ ዶማዬን ይዤ ገባሁ። የጌሾ ሥር እንዲህ መሬት እንደሚጨብጥ አላውቅም ነበር። እየሳብኩ፣ እየቆረጥኩ፣ ያዛለኝን ያህል አዛለኝ። ከጥጉ ያለችው፣ በረዶ መትቷት የዳነችው፣ ከሁሉ አስቸገረችኝ። እሷን ስነቅል አንጓች ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። የተነቀሉትን በጓሮ በኩል መልሼ ተክዬአቸው ነበር፤ ያረጀ ሥር አልይዝ አለ። በየቀኑ ውኃ ሳጠጣ ብሰነብትም አንድ በአንድ ደረቁ። ሰው ታሞ ሲጠየቅ እንደሚባለው «ዛሬስ እንዴት አደሩ?» እያልኩ ነው የቀበርኳቸው።

የክቡ ስፋት በወረቀቱ ልክ ሁለት እርምጃ ነው። ጥልቀቱን ወረቀቱ አይናገርም፤ እሱን ካቦነቴ ሞላው። እስከ ዳሌ አወረድኩት። የሠራሁት ሥራ ጥሩ ነበር፣ መካድ አልችልም። ዘጠኝ ጉድጓድ በተርታ፣ አፋቸው የተስተካከለ። ቦዩንም ከቤቱ ጀርባ፣ ከዳገቱ ሥር አስጀምሬ፣ በጉድጓዶቹ አጠገብ አሳልፌ፣ በበሩ አውጥቼ ወደ መናፈሻው ለቀቅሁት። በጋራው ላይ እንዲህ ያለ ቦይ ባወጣ ኖሮ ተጨማሪ ዘይት ይሰፈርልኝ ነበር።

መሪጌታም በግቢያቸው ሁለት ክብ ደርሷቸዋል። አንዱ የኮክ ዛፋቸው ላይ፣ አንዱ የኮሶው ላይ። ልቆጣጠር ብሄድ ዶማ አላነሡም።

«ጓድ ካቦ፣ ኮኩ ፍሬ ይዟል» አሉኝ። «ፍሬው ይብሰልና እቆፍራለሁ።»

«መቼ ይበስላል?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚበስል።»

«አድኃሪ እንዳይሉዎት።»

«ዕድሜዬ ነው እንግዲህ፤ ወደ ኋላ ማየት እወዳለሁ» አሉኝ። ኮሶውንስ ስላቸው፣ «እሱ ኮኩን ይጠብቃል» አሉ። የቀሩት ሦስቱ ቤቶች በየግቢያቸው ክብ ስላልወጣላቸው ሲያዝኑ ሰነበቱ።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ደግሞ አይድረስበት። ዘጠኙ ጉድጓድ ሞላ። ችግኝ ይመጣል ብዬ ብጠብቅ እንቁራሪት መጣ። በየጉድጓዱ ገብቶ ማሕሌት ቆመ። ወደ ቀበሌ ወጥቼ፣ «ችግኙስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የምን ችግኝ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ከነጥቡ ላይ ያለው።»

«ጓድ፣ ወረቀቱን ያነበቡት እርስዎ ነዎት» አሉኝ። ተመለስኩ።

መጀመሪያ የገባችው ዶሮ ናት። ሁለተኛ መሪጌታ። ጉም በወደቀበት ማለዳ አንካሴያቸውን ይዘው ሲመጡ፣ አንካሴው ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ሦስተኛው ክብ ውስጥ ገቡ። ድምፅ ሰምቼ ስወጣ በጉሙ መሃል ጥምጥም ብቻ ይታየኛል።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አንተስ ችግኝ ጠፋ ብለህ ስታማርር ሰምቼ ነው፤ ይኸው ተተከልኩልህ።»

«ይቅር ይበሉኝ። እጅዎን ይስጡኝ።»

«ዮናስስ ሦስት ቀን ነው የቆየ። እኔን ለስንት ቀን ነው ያሰብከኝ? ለቤተ ክርስቲያን እንድልክ።»

ጎትቼ አወጣኋቸው። አንጓች ውኃ አሙቃ፣ ልብሳቸውን አድርቃ፣ ከእሳቱ ዳር አስቀመጠቻቸው። ከኔ በቀር ለሁሉም ደግ ናት። ያን ጊዜ ወር ሆኗታል፤ አንቱ ስትለኝ፣ እሱንም ከስንት አንድ።

በሐምሌ ሥላሴ የማኅበሩ ተራ የኛ ነበር። የለቀመችው ቅጠል እርጥበት ገብቶት ሻገተ። በሰፈሩ ደግሞ ጌሾ ያለው ሰው የለም፤ ሁሉም የሚወስደው ከኛ ነበርና። አንጓች ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስባ ገበያ ወጣች። ኋላ ጎረቤት ነው ያጫወተኝ። አንበሳሜ ከመጣች ሴት ፊት ብትቆም፣ ሴትዮዋ ቀና ብላ፣ «እትዬ አንጓች፣ ጌሾ ልትገዢ ነው?» አለቻት አሉ። አንጓችም «ለሰው ነው» አለች። ውሸት ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት።

የቀረችው ቦዩ ነበረች። እሷም ተራዋን ጠብቃ በነሐሴ ሠራች። የዳገቱ ጎርፍ እስከዚያ ዘመን ድረስ በየትም በየትም ተበታትኖ ነበር የሚወርደው። እኔ መንገድ ሠርቼለት ጠበቅሁት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ሁሉ በቤቴ ጀርባ ገባ፣ በቦዬ ወረደ፣ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየሞላ፣ እየደረመሰ፣ በበሬ ወጥቶ መናፈሻው ውስጥ ዘው አለ። በየቅዳሜው ዘመቻ ወጥተን የተከልነውን አበባ ጠርጎ ወሰደ። ነጭ ቀለም የተቀባውን ድንጋይ አንከባለለ። በቀይ ጨርቅ ያስጌጡት የመግቢያው ቅስት ወደ አንድ ጎኑ ተጋደመ። ጎርፉ ሲያልፍ በጭቃው መሃል ቆሞ የቀረ የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው። ያ ወንበር ከተሠራ ጀምሮ ይገርመኝ ነበር። መንገዱን ትቶ፣ ጉናን ትቶ፣ ፊቱን ወደ ቤቴ አዙሮ ነው የተሠራው።

በዓሉ ሊደርስ ሲል የበላይ አካል መጣ። ሁለት መኪና ነው። ሊቀመንበሩ ካኪያቸውን ተኩሰው ከቅስቱ ሥር ቆመዋል፤ ቅስቱ ስለዘመመ እሳቸውም አብረው ዘመም ብለዋል። ከመጀመሪያው መኪና አንድ ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጭቃውን አየ፣ ዘጠኙን ጉድጓድ አየ፣ እኔን አየ። መስኮቱን መልሶ ዘጋው። መኪናው ሄደ። ሁለተኛዋ መኪና ቆመችና ያች ልጅ ወረደች።

ሱሪዋን ሰብስባ በጭቃው እየረገጠች መጣች። ከበሬ ስትደርስ ቆመች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችንም።

«እማማ፣ ጌሾዎቹስ?» አለች።

አንጓች ወደኔ ዞራ ቆመች።

ሮጥ ብዬ ወረቀቱን አመጣሁ። «እንደ ወረቀቱ ነው የሠራነው፣ ልጄ። ይኸው ዘጠኙ ጉድጓድ፤ ይኸው ቦዩ። አንዲት ስንዝር አልሳትኩም።»

ልጅቱ ወረቀቱን ያዘችው። መነጽሯን አወለቀች።

«አባባ፣ ክቡ እኮ ጌሾው ነው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «ከላይ ሲታይ ማለት ነው። ፕላን የሚሣለው ከላይ እንደሚታይ ተደርጎ ነው። እንዳይነኩ ብዬ አንድ በአንድ ለክቼ አስገባኋቸው። ከወረቀቱ ጥግ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይቆያል ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ከላይ» አልኩ።

«አዎ። የተቆራረጠው መስመር የእግር መንገድ ነው።»

አንጓች አሁንም ወደኔ እንደዞረች ናት። «ይኸው አሞራይቱ መጣችልዎ» አለችኝ።

ልጅቱ አልገባትም። እኔ ገባኝ። ሊቀመንበሩ ከኋላዬ መጥተው ቆመው ኖሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብለው «እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ወንበሩንም ወደዚህ አዙሬ ያሠራሁት ለጌሾዎቹ ብዬ ነበር» አለች ልጅቱ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «በዚህ ሁሉ ሰፈር ከነሱ የሚያምር ነገር አላየሁም። ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያያቸው ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ካቦ ሳለሁ ስድብ ለምጃለሁ። ልጅቱ የአንጓችን እጅ ይዛ ብዙ ቆየችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ወረቀቱን እዚያው ትታልን ሄደች። ሌላ ፕላን አላወጡልንም፤ መናፈሻውንም ያስታወሰው የለም። በሚቀጥለው ገበያ አህዮቹ ተመልሰው መጡ።

ጉድጓዶቹን መልሼ ሞላኋቸው። ለመሙላቱ ካቦ አላስፈለገም። መሪጌታ አንድ ቀን ኮክ በእንቅብ ይዘው መጡ። «በሰለ» አሉኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መስከረም ሲጋመስ አንጓችን ከቤት አጣኋት። ከጓሮም የለች። በበሩ ብወጣ ከመናፈሻው፣ ከሲሚንቶው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ብቻዋን፣ አህዮቹ ዙሪያዋን ቆመው። ፊቷ ወደ ግቢያችን ነው። ቀስ ብዬ ሄድኩና ከጎኗ ቆምኩ። ተቀመጥ ያለኝ የለም። ወዳየችበት አየሁ። ካቡ፣ ከካቡ ሥር ዘጠኝ ቦታ አዲስ አፈር።

«ልጅቱ እውነቷን ነው» አለች። «ከዚህ ተቀምጦ ቢታይ ያምር ነበር። አርባ ዓመት በውስጡ ስኖር ከዚህ ሆኜ አይቼው አላውቅም።»

«ኧኸ» አልኩ።

«ያች በረዶ የመታት ከጥጉ ነበረች።»

«አዎ፣ ከጥጉ ነበረች።»

«ገሳይ፣ ከወንድሜ ጓሮ እናቴ የተከለችው ጌሾ አሁንም አለ። ችግኝ አይከለክለኝም።» ነጠላዋን ሰበሰበች። «ግን እንዲያ እስኪሆን፣ እስኪያብለጨልጭ፣ እኛ እንደርስበት ይሆን?»

ጌሾ በስንት ዓመት እንደሚደርስ አውቃለሁ። እንዴት እንደሚተከል፣ ጉድጓዱ ስንት እንደሚወርድ፣ ርቀቱ ስንት እንደሚሆን ሁሉንም አውቃለሁ። አፌ ላይ ደርሶም ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በወንበሩ ላይ ጠጋ አለችልኝ።

«ቁጭ በል እንግዲህ» አለችኝ። «ጋቢህን ሰብስበው፤ ሲሚንቶው እርጥብ ነው።»